አቶ አብድዩ የተከሉት ድንጋይ

የምነግራችሁ ነገር ሰባት ሰዓት ብቻ ነው የፈጀው። አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተጀምሮ ከሰዓት በኋላ ዐሥር ሰዓት ላይ አለቀ። ከዚያ ቅዳሜ በፊት አባቴን ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አውቀው ነበር። ማለቴ፣ የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

ያኔ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአንድ የአውቶቡስ ፌርማታ ፊት ለፊት ያለ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባቴ ደምሰው የሆቴል ሻትል ይነዳል፤ እንግዳ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት። እሱ በአማርኛ ሲያናግረኝ እኔ በእንግሊዝኛ እመልስለታለሁ። ከትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ ወረቀት ሲሰጠን አጣጥፌ ቦርሳዬ ሥር እከተዋለሁ። "ሥራ ውሎ እንዳይደክም ብዬ ነው" እል ነበር ለራሴ። እውነቱን ልጻፈውና ይውጣልኝ፤ አፍሬበት ነበር። ሚስ ሃሎራን ከምትባለው የታሪክ አስተማሪዬ ጋር ቆሞ ያንን የተቆራረጠ እንግሊዝኛውን ሲናገር እንዳልሰማ ነበር የምሸሸው።

በዚያ ሴሚስተር ሚስ ሃሎራን እዚሁ አካባቢያችን ኖሮ የተረሳ ሰው እየፈለግን እንድንጽፍ አዘዘችን። ለእኔ የደረሰኝ ኦባዲያ ክሬል የሚባል፣ በዐሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ከወንዙ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ የኖረ ጂኦግራፈርና መሬት ቀያሽ ነው። መጀመሪያ ስሙን ሳየው አዛጋሁ። በኋላ ግን ሰውየው ልቤ ውስጥ ገባ። አባቱ ባለ ወፍጮ ነበር፤ ኦባዲያ ገና ልጅ ሳለ ሞተበት። ኦባዲያ በዐሥራ አራት ዓመቱ የቀያሾችን የብረት ሰንሰለት ተሸክሞ ጫካ ለጫካ መዞር ጀመረ። ያኔ መሬት የሚለካው በሰንሰለት ነበራ። ሒሳቡን ማታ ማታ ራሱን አስተማረ። ካደገ በኋላ ከመንግሥት አሳሾች ጋር ወደ ምዕራብ ሄደ። ወንዝ ለካ፤ የተራራን ከፍታ ውኃ አፍልቶ በሙቀቱ አሰላ። ለወንዞቹ ስም ሲሰጥ እዚያ ይኖሩ የነበሩትን ነባር ሕዝቦች ጠይቆ በእነሱ አጠራር ይጽፍ ነበር። ካርታው ሲታተም ግን አለቆቹ ያንን ሰርዘው የሹማምንት ስም አደረጉበት። በዚህ ከእነሱ ጋር ተጣልቶ፣ በጉዞው በተጎዳ እግሩ እያነከሰ ወደ አሌክሳንድሪያ ተመለሰ። ለልጆች የጂኦግራፊ መጽሐፍ ጻፈ፤ ገዢ አጣ። የቀረ ዕድሜውን የጎረቤቶቹን እርሻ እየለካ ጨረሰው። የከተማውን ልኬት ሁሉ የሚጀምረው በገዛ እጁ ከተከላት ከአንዲት ድንጋይ ነበር። ሁሉም ነገር ከእሷ ይነሳል፣ ወደ እሷ ይመለሳል።

የማስታወሻ ደብተሩን ቅጂ ከቤተ መጻሕፍት አምጥቼ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼው ነበር። አባቴ ከሥራ ገብቶ ሳህኑን በእጁ እንደያዘ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ቆመ ስላችሁ፣ ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ነው የቆመው።

"ይሄ የማን ፊልድ ቡክ ነው?" አለኝ።

የቀያሽ ደብተር ፊልድ ቡክ መባሉን እኔ ራሴ ያወቅሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው። እሱ እንዴት አወቀ? የእጅ ጽሑፉን ማንበብ አልቻለም፤ ቁጥሮቹንና ሥዕሉን ግን በጣቱ እየተከተለ እንደ ደብዳቤ አነበባቸው። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ።

"እዚህ ጋ ተሳስቷል። አየሽ? አልፋቀውም። በአንድ መስመር ሰርዞ ከጎኑ ትክክለኛውን ጽፎ ፈረመበት። ቀያሽ ስህተቱን አይፍቅም፤ የሚቀጥለው ሰው እንዲያየው ይተወዋል።"

ያን ዕለት ነው አገር ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት የመንገድ ቀያሽ እንደነበረ የሰማሁት። ጎጃም ውስጥ፣ በኋላም ወሎ ቆላ ውስጥ። "መንግሥት ቤት ይሠራ ነበር" ሲባል እኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማኅተም ሲመታ ነበር የሚታየኝ። ለምን እንዳልነገረኝ ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። ጠይቄው አላውቅማ። የሰውየውን ስም ስነግረው ደግሞ ሳቀ፤ ኦባዲያ ማለት የመጽሐፍ ቅዱሱ አብድዩ ነው አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሰውየው "አቶ አብድዩ" ሆኑ፤ በአክብሮት ነው የሚጠሩት።

አሁን ወደ ድንጋዩ ልምጣ። ደብተሩ እንደሚለው ድንጋዩ ያለበት ከአንድ የጡብ ቤት ጥግ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሦስት ሰንሰለት ተኩል ርቆ ነው። የጡብ ቤቱ ዛሬም አለ፤ የጥርስ ሐኪም ሆኗል። ከኋላው ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የጋሽ ይልማ! የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሁሉ መኪናውን የሚያሠራበት የጋሽ ይልማ ጋራዥ ግቢ። እሳቸው ደግሞ ግቢውን ሰኞ ጠዋት አስፋልት ሊያስነጥፉ ተዋውለዋል። ሚስ ሃሎራን ደውላ ለመነቻቸው፤ አባቴም ለመናቸው። ቅዳሜን ሰጡን። እስከ ዐሥር ሰዓት ካላገኘን አቶ አብድዩ ያቺን ከተማ የለኩባት ነጥብ ለዘለዓለም ከአስፋልት ሥር ልትቀር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ድልድዩን ተሻግረን ወደ አሌክሳንድሪያ ስንሄድ አባቴ እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ከኋላ ወንበር ላይ ከሻንጣ ያወጣው ባለ ሃምሳ ሜትሩ ሜትር በቆዳ ቤቱ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ኮምፓሱና የእንጨት ችካሎች። የሰውየው ሰንሰለት ስንት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ስልሳ ስድስት አልኩት። መሪውን በመዳፉ መታው።

"እንደኛው ቀላድ! ማሂ ሙት በይኝ። የኛም ቀላድ እኮ ስልሳ ስድስት ነው። አያቴ ቀላድ ጣይ ነበር፤ በገመድ ነበር የሚለኩት።"

ሁለት የማይተዋወቁ አገሮች በአንድ ቁጥር መገናኘታቸው እኔንም ደስ አለኝ። ስልሳ ስድስትን በሦስት ተኩል አባዝቼ ወረቀቴ ላይ 231 ብዬ ጻፍኩና ሰጠሁት። እሱም በቃሉ አስልቶ አረጋገጠው። ሁለታችንም ተስማማን።

ጋራዡ ስንደርስ ሚስ ሃሎራን ቦት ጫማ አድርጋ፣ አካፋ ይዛ ትጠብቀናለች። ጋሽ ይልማ በቱታቸው በር ላይ ቆመዋል።

"ደምሴ፣ አንተ ሻትል ነጂ አይደለህም እንዴ? መሬት መለካት መቼ ጀመርክ?" አሉት።

"ከሻትሉ በፊት ነው ጋሽ ይልማ።"

"እንግዲህ ሹፌር ነህ፣ መንገዱን አትስትም።"

እኔ ስልኬን አውጥቼ የስልኩን ኮምፓስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አነጣጠርኩ። አባቴ ስልኩን ቀስ አድርጎ ዝቅ አደረገው። የኮምፓስ መርፌ የምታየው ሰሜን በአንድ ቦታ እንደማይረጋ፣ ዓመት በዓመት እንደሚሄድ፣ እዚህ አገር ከአቶ አብድዩ ዘመን ወዲህ ዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ወደ ምዕራብ እንደሸሸ ነገረኝ። በአሁኑ መርፌ ብንሄድ ከመስመሩ ወጥተን እንቀራለን። ይህን ለሚስ ሃሎራን ሳስረዳት አፏን ከፍታ ነበር የምትሰማኝ። ከዚያ አባቴን አየችው። እንዲህ ባለ ዓይን ስታየው የመጀመሪያዋ ነው፤ እስከዚያ እኔን ሊያደርስ የመጣ ሾፌሬ ነበር የመሰላት።

እሱ በራሱ ኮምፓስ ዘጠኙን ዲግሪ አስተካክሎ መስመሩን ያዘ፤ መለካት ጀመርን። እሱ ከፊት፣ እኔ የሜትሩን ጫፍ ይዤ ከኋላ። "ያዢ!" ሲለኝ "ያዝኩ!" እላለሁ። ችካል ይተክላል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ኋላ ያያል፣ ያስተካክለኛል። ሁልጊዜ ወደ ኋላ ማየት አለብሽ አለኝ፤ የመጣሽበትን ነጥብ ካላየሽ ቀጥ ብለሽ መሄድሽን አታውቂም። አንድ ሃምሳ። የጎማውን ክምር አለፍን። ሁለት ሃምሳ። የግቢውን አጥር ወጣን። ጋሽ ይልማ ከኋላ እየተከተሉን ፊታቸው ሲበራ አየሁ፤ ነጥቧ ከግቢያቸው እየወጣች ነዋ። ደግነቱ መስመሩ ላይ ቤት አልቆመበትም። መንገዱን በአረንጓዴ መብራት እየሮጥን ተሻገርን። አራት ሃምሳ፣ ከዚያ ሠላሳ አንድ።

የደረስንበት የአውቶቡስ ፌርማታ ነበር። ሲሚንቶ ላይ። አንዲት ሴት ሁለት ፌስታል ይዛ ቆማለች፤ አባቴ እግሯ አጠገብ ተንበርክኮ ሲሚንቶውን በመዳፉ ሲዳስሰው ጊዜ ራቅ አለች።

"ደምሴ፣ ያንተ ድንጋይ አውቶቡስ ይጠብቃል" አሉ ጋሽ ይልማ።

ማንም አልሳቀም። እንደገና ለካን። እንደገና እዚያው ወጣን። ስምንት ሰዓት ሆነ። ሚስ ሃሎራን ትከሻዬን እያሻሸች ዋናው መሞከሩ ነው፣ ፌርማታው ሲሠራ አውጥተውት ይሆናል አለችኝ። ጋሽ ይልማም ለአስፋልት ሠራተኞቹ ለመደወል ስልካቸውን አወጡ። አባቴ ፌርማታውንና የጡብ ቤቱን እያፈራረቀ ሲያይ ቆየና ወደ አስተማሪዬ ዞረ።

"ማይ ሚስቴክ፣ ቲቸር" አላት። "ቬሪ ሎንግ ታይም አይ ዶንት ዱ። ሶሪ።"

ይህን ስትሰሙ አንገታችሁን ትደፉ ይሆናል። እኔም ደፋሁ። እሱ ግን አልደፋም። ሜትሩን በጨርቅ እየጠረገ ጠቀለለው። ከዚያ የግቢው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጠዋት ከሱቅ የገዛውን ደብተር አወጣ፤ የዕለቱን ልኬት እንደ አቶ አብድዩ አምድ በአምድ ጽፎበታል። የመጨረሻውን ቁጥር በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዘው። ከጎኑ "ስህተት" ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ የስሙን መጀመሪያ ፊደል፣ ደ፣ አድርጎ ፈረመ።

አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ከደብተሩ ሥር የኔ ወረቀት አለች፤ 231 የሚለው። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ምን? ምንም የለበትም። ቁጥሩ ብቻውን ቆሟል።

የአሜሪካኖቹ ሰንሰለት ስልሳ ስድስት ጫማ ነው። ቀላድ ስልሳ ስድስት ሜትር ነው። መኪና ውስጥ "ስልሳ ስድስት" ስለው የምን ስልሳ ስድስት እንደሆነ አልነገርኩትም፤ ለእኔ በዚህ አገር ከጫማ ሌላ ልኬት ያለ አይመስለኝማ። እሱ ደግሞ በሕይወቱ ከሜትር ውጪ ለክቶ አያውቅም።

ልብ በሉ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ሚስ ሃሎራን የታሪክ እንጂ የሒሳብ አስተማሪ አይደለችም። ጥፋቱን አባቴ ወስዶታል፤ ፈርሞበታልም። እኔ ጎበዝ ተማሪ እንደሆንኩ እቀራለሁ፣ እሱ ደግሞ ያልሆነለት ሾፌር ሆኖ ይቀራል። ለአንድ ደቂቃ ያህል፣ ምናልባትም ለሁለት፣ ዝም አልኩ። ያቺን ደቂቃ እስከ ዛሬ አልወዳትም።

ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰድኩ። ደ የምትለዋን ፊርማውን በአንድ መስመር ሰረዝኳት። ከጎኗ የራሴን ስም መጀመሪያ፣ ማ፣ ብዬ ፈረምኩ።

"ምን ማድረግሽ ነው?" አለኝ።

"አባዬ፣ ስህተቱ የኔ ነው" አልኩት። በአማርኛ ነው ያልኩት። "ስልሳ ስድስቱ በጫማ ነው። አልነገርኩህም።"

ወረቀቴን አየ። እኔን አየ። እንደሚቆጣኝ ስጠብቅ ሆዱን ይዞ መሳቅ ጀመረ። "በጫማ! አቶ አብድዩ በጫማ!" እያለ፣ እንባው እስኪመጣ። ተነሥቼ ለሚስ ሃሎራን በእንግሊዝኛ ነገርኳት፤ ጥፋቱ የኔ መሆኑን፣ አባቴ የለካው በትክክል መሆኑን፣ የተሳሳተ ቁጥር የሰጠሁት እኔ መሆኔን። እሷ ግን ያየችው ሰዓቷን ብቻ ነው፤ ሁለት ሰዓት ይቀረናል አለች።

ሰባ ሜትር ከአርባ። አባቴ በጭንቅላቱ ነው ያሰላው። ከጡብ ቤቱ ጥግ እንደገና ተነሣን፤ እኔም እንደገና "ያዝኩ!" አልኩ። አንድ ሃምሳ፣ ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ አርባ ሳንቲም። ሜትሩ የጎማው ክምር መሐል ገብቶ ቆመ።

ጋሽ ይልማ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አደረጉ። በአማርኛ፣ አስተማሪዬ እንዳትሰማ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አባቴን ወደ ጎን ወሰዱት። አያታቸው ቀላድ የተጣለ ዕለት መሬታቸውን ማጣታቸውን ነገሩት። ለካ ጠዋት ሙሉ የቀለዱት ፈርተው ነው።

"ነገ መንግሥት መጥቶ ቅርስ ነው ቢለኝስ ደምሴ? ይህቺን ግቢ ያገኘኋት በሃያ ዓመት ነው።"

አባቴ አልተከራከራቸውም። ጎንበስ ብሎ መሬቱ ላይ በጣቱ ትንሽ ክብ ሠራ።

"ነጥብ እኮ ቦታ አትፈጅም፣ ጋሽ ይልማ። የድስት ክዳን የምታህል ክፍት ይተዉላት። ሌላው አስፋልትዎ ነው።"

ክቧን ብዙ አዩዋት። ከዚያ የመጀመሪያውን ጎማ ራሳቸው አንከባለሉት።

ዐርባ ሁለት ጎማ አነሣን። መቆፈር ጀመርን። ጡብ ወጣ፣ የተሰበረ ጠርሙስ ወጣ፣ የዛገ ብሎን ወጣ። ጉልበት ድረስ ገባን። ድንጋይ የለም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆነ። ከዚያ አካፋዬ ጥቁር አፈር አወጣ። ጋሽ ይልማ ጎንበስ ብለው ሰው ሥጋ የጠበሰበት ነው አሉ። ሚስ ሃሎራን ጓንቷን አውልቃ ድንጋዩን አንድ ሰው ለቤት መሠረት ወስዶት ይሆናል አለች። እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ አልኩ። አባቴ ግን ያንን ጥቁር ነገር መዳፉ ላይ አድርጎ በጣቱ ይፈረካክሰው ነበር።

"ከገጹ ግርጌ ያለውን አንብቢልኝ" አለኝ።

ስለ ልኬት ስላልመሰለኝ ያለፍኩት ሁለት መስመር ነበረ፤ ጽሑፉም የማይነበብ ነው። ወረቀቱን ለሚስ ሃሎራን ሰጠኋት። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፤ ቃል በቃል እየነጠለች አነበበች። ድንጋዩን ከመትከሉ በፊት ከሥሩ ሁለት ቅርጫት ከሰል መቅበሩን ይናገራል።

"ከሰል ነው የሚለው፣ አባዬ።"

ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ልተረጉምለት ስል እጁን አነሣና ራሱ ነገራት፤ በዚያው በተቆራረጠው እንግሊዝኛ። ድንጋይ ሰው ይሰርቃል፤ ከሰል ማንም አይፈልገውም፤ አይበሰብስም፤ መቶ ዓመት ይቆያል፤ ድንጋዩ ቢጠፋም ነጥቧ ይህችው ናት። እኛም አገር ከምልክቱ ሥር እንቀብር ነበር አላት። አንድም ቃል አልተረጎምኩም። ሁሉንም ሰማችው። ጋሽ ይልማ ስልካቸውን አውጥተው በክቧ መጠን የብረት ቀለበት ሰኞ ከአስፋልቱ በፊት እንዲመጣላቸው አዘዙ።

ሚስ ሃሎራን ወደ አባቴ ዞራ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀችው። አባቴ ሻትል ሊል አፉን ሲከፍት ቀደምኩት።

"ሰርቬየር ነው" አልኳት።

አላረመኝም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደኔ እዚህ ያደጋችሁ፤ ቤታችሁ ውስጥ ደክሞት ሶፋ ላይ ጫማውን እንዳደረገ የሚተኛ ሰው ካለ፣ ከዚህ በፊት ምን እንደነበረ ጠይቁት። አይነግራችሁም ብላችሁ አትለፉት፤ ያልተጠየቀ ሰው ምን ብሎ ይጀምራል? እኔ አሁን በአማርኛ እመልስለታለሁ፤ ስሳሳት ይስቅብኛል፣ እኔም እስቃለሁ። ይህን ጽሑፍ ራሱ ሦስት ጊዜ አንብቦታል፤ "ሆዱን ይዞ" የምትለዋን አውጫት ብሎኝ አላወጣኋትም። እሱ ደግሞ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ኮሌጅ ይገባል፤ የዚህ አገር የቅየሳ ፈቃድ ፈተና አለው። መጀመሪያ ሲቀመጥ ወደቀ። በድጋሚ ተመዝግቧል።

ባለፈው ሳምንት ጋራዡ አጠገብ ስናልፍ እንያት አለኝና ገባን። ግቢው ጥቁርና ንጹሕ ነው። ክቧን ፈለግን፤ አንድ ነጭ ቶዮታ በትክክል ላይዋ ቆሟል። አባቴ በተተኮሰ ሱሪው አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ ከመኪናው ሥር አጮለቀ። ጋሽ ይልማ ከውስጥ ሆነው "የማን መኪና ነው ይሄ?" እያሉ ይጮኻሉ። ባለቤቱ እስኪመጣ ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። አንድ ወጣት ቡና በእጁ ይዞ መጣ፤ መኪናውን አስነሥቶ ሲወጣ ክቧ ታየች። አባቴ እጁን አንሥቶ ከልቡ አመሰገነው። ልጁ በምን እንደተመሰገነ አያውቅም፤ እሱም በመስኮት እጁን አውጥቶ አመሰገነን።